የጉዞ ጽሑፍ ከሻንጣ በፊት

መጽሔት ላይ የምታነቡት የጉዞ ታሪክ እንዴት እንደሚወለድ ልንገራችሁ፤ እኔን ሁሌም ያስደንቀኛል። ቋሚ ደመወዝ የሌለው፣ በየጽሑፉ የሚከፈለው ፍሪላንስ ጸሐፊ መጀመሪያ ለአዘጋጁ አንድ ገጽ የማይሞላ ሐሳብ ይልካል። ብዙው ሰው የሚወድቀው እዚህች ገጽ ላይ ነው፤ ቦታ ብቻ ይዞ ይቀርባላ!

«ስለ ላሊበላ ልጻፍ» ቢባል አዘጋጁ ምን ያድርገው? አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ስንቱ ጽፎባቸዋል። እንዲህ ቢባልስ? «አያቴ ሳምንታት በእግራቸው ተጉዘው ያከበሩትን ገና እኔ በአውሮፕላን ሄጄ ላከብር ነው። በቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይ በአፋፉ፣ ከታች በግቢው ሆነው ቤዛ ኩሉ የተባለውን ዝማሬ ሲቀባበሉ፣ ያልደከምኩበት በረከት ይሰማኝ ይሆን?» ቦታው ያው ነው፤ አሁን ግን ጥያቄ አለው፣ የሚጠይቅም ሰው አለው። ግላዊ ፊቸር የሚሉት ይህን ነው።

ጊዜውም ይገርማል። የኅትመት መጽሔት ከወራት በፊት ስለሚታቀድ የገና ሐሳብ ክረምት ላይ መድረስ አለበት። ስለዚህ ለዘንድሮ እትም የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የአምናው ገና ነው!

ለዚህም ነው ማስታወሻ ደብተር የጸሐፊው ነፍስ የሆነው። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ ጆክ የተባለ በቅሎ ጓዟን ተሸክሞላት ሰሜን ኢትዮጵያን በእግሯ ስታቋርጥ የዕለት ውሎዋን ትጽፍ ነበር፤ መጽሐፏ በ1968 እ.ኤ.አ. ወጣ። ስለ ገናው ሌሊት «ሕዝቡ ብዙ ነበር» ብሎ የጻፈ ከዓመት በኋላ ምንም አያገኝበትም። ከጎኑ የቆሙት እናት ጧፉ እንዳይጠፋ በመዳፋቸው ሲከልሉት፣ ሰሙ ጣታቸው ላይ ሲረጋ አይቶ ያንኑ የጻፈ ግን ሌሊቱን እንደገና ያገኘዋል።

ረቂቁ ከገባ በኋላ አዘጋጁ ይቆርጣል፣ ይጠይቃል፣ ስምና ዓመተ ምሕረት ይጣራል። ከዚያ በፊት ግን ውሉን ደጋግማችሁ አንብቡ፤ ታዝዞ ሳይታተም ቢቀር ምን ያህል እንደሚከፈል ይጻፍ። የመጀመሪያ የማተም መብት ብቻ የሸጠ ጸሐፊ ኋላ ጽሑፉን ለሌላ መጽሔት ሊሰጥ ወይም አስፋፍቶ መጽሐፍ ሊያደርገው ይችላል። መብቱን ጠቅልሎ የሸጠ ግን የገዛ ጽሑፉን ደግሞ ለማሳተም ፈቃድ ይጠይቃል።