የማርስ ድብልብል ጠጠሮች ከየት መጡ?

በክረምት ማታ በረዶ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲንኳኳ የሰማ ሁሉ፣ ተፈጥሮ ያለማንም እጅ ድብልብል ነገር ማበጀት እንደምትችል አይጠራጠርም። እንግዲህ ድብልብል ጠጠር በሌላ ዓለም ላይ ተበትኖ ሲገኝ የሚጠየቀው «ማን ሠራው?» ሳይሆን «እንዴት ተሠራ?» ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2004 ኦፖርቹኒቲ የተባለችው የአሜሪካ ባለስድስት ጎማ ተሽከርካሪ፣ በአየር በተነፉ ከረጢቶች ተጠቅልላ ሜሪዲያኒ ፕላነም በተባለው የማርስ ሜዳ ላይ አረፈች። ነጥራ ነጥራ የቆመችው 22 ሜትር ያህል ስፋት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ካሜራዋ ሲከፈት ወለሉ ማሽላ የተበተነበት አውድማ መስሎ ታየ። ጠጠሮቹ በአመዛኙ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ሲሆኑ፣ ከዓለቱም ውስጥ ተሰክተው የሚታዩ ነበሩ። ቀለሙ በጎላ ፎቶግራፍ ላይ ሰማያዊ መስለው ስለታዩ፣ ጠበብቱ ብሉቤሪ በሚባል የአገራቸው ፍሬ ሰየሟቸው። ለእኛ ዘቢብ ያለበት ዳቦ ብንለው ይቀለናል።

ሦስት ግምቶች ቀረቡ። አንደኛው፣ ከሰማይ የወረደ ታላቅ ድንጋይ መሬቱን ሲመታ የቀለጠው ዓለት ጠብታ ጠብታ ሆኖ ተረጭቶ በአየር ላይ ደርቋል የሚል ነው። የጥንት የአደን ጠመንጃ እርሳስም የሚሠራው የቀለጠ እርሳስ ከረጅም ማማ ላይ በማንጠባጠብ ነበርና ግምቱ የሚናቅ አይደለም። ሁለተኛው፣ የእሳተ ገሞራ አመድ በእርጥብ ደመና ውስጥ ተድቦልቡሏል ይላል፤ በዱቄት ላይ ውሃ ሲረጭ ትንንሽ እንክብል እንደሚቋጥር በጓዳ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ሦስተኛው ግምት ግን ከምድር በታች ይወርዳል። ይኸውም ብረት የሟሟበት ውሃ በዓለቱ ቀዳዳዎች ሲሰርግ፣ ብረቱ በአንዲት ነጥብ ዙሪያ እየረጋ፣ በየአቅጣጫው እኩል እያደገ ድብልብል ሆነ የሚል ነው። ክርክሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው፤ ሦስተኛው እውነት ከሆነ በዚያ ደረቅ ሜዳ ሥር አንድ ዘመን ውሃ ነበረ ማለት ነውና።

ፍርዱ የተገኘው ከጠጠሮቹ አቀማመጥ ነው። ከሰማይ የዘነበ ነገር በአንድ ወቅት ይወርዳል፤ ስለዚህ በአንድ ንጣፍ ላይ ተከማችቶ መገኘት ነበረበት። እነዚህ ግን በንጣፎቹ ሁሉ ተበትነው ተገኙ። ይባስ ብሎ የዓለቱ ስስ መስመሮች አንዳንዱን ጠጠር ሰንጥቀው ያልፋሉ፤ ይህም ጠጠሩ ያደገው ንጣፉ ከተነጠፈ በኋላ መሆኑን ያመለክታል። ጠጠሮች ተጠራቅመው በተገኙበት ሥፍራና በአጠገቡ ባለው ባዶ ዓለት ላይ የተደረገው ምርመራ ሲነጻጸር፣ ጠጠሮቹ ሄማታይት የተባለውን የብረት ማዕድን በብዛት የያዙ ሆኑ። በዓለቱም ውስጥ ያለ ውሃ የማይፈጠር ጃሮሳይት የተባለ ማዕድን ተገኘ። በአሜሪካ የዩታ ግዛት በናቫሆ አሸዋማ ዓለት ውስጥ በከርሰ ምድር ውሃ የተፈጠሩ የብረት ድብልብሎችም ይታወቃሉ፤ እርግጥ የእነርሱ ውስጥ አሸዋ የበዛበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ግን የግጭት ፍንጣሪ ናቸው የሚሉ ሊቃውንት ተነሥተዋል፤ ጠጠሮቹ በመጠን መቀራረባቸውን እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ። እኔ ሚዛኑ ወደ ውሃው ያደላል እላለሁ። ይሁን እንጂ ድብልብል ሁሉ አንድ አባት የለውም። ያችው ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. በ2012 በሌላ ሥፍራ ያገኘቻቸው ጠጠሮች ቅርጻቸው ቢመሳሰልም እንደ ፊተኞቹ ብረት የበዛባቸው አልነበሩም። ለ90 ቀናት ሥራ የተላከችው ኦፖርቹኒቲ ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በአቧራ ማዕበል ዝም አለች።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ደግሞ ፐርሲቪራንስ የተባለችው ተተኪ በጄዜሮ ጉድጓድ ጠርዝ በመቶ የሚቆጠሩ ግራጫ ድብልብሎች የተጣበቁበት ድንጋይ አገኘች። ችግሩ ድንጋዩ ከተፈጠረበት ሥፍራ ተነቅሎ የመጣ መሆኑ ነው። ሰው ያነሣው ቀለህ የጥይቱን ዓይነት ይናገራል እንጂ ተኳሹ የት እንደነበረ አይናገርም። ስለዚህ ጠበብቱ የድንጋዩን እናት ንጣፍ በዚያው ተዳፋት ላይ መፈለግ ግድ ሆነባቸው።