ከ«እቴጌ» እስከ «ክብርት»፦ የሴት ባለሥልጣን መጠሪያና አንቱታ፣ ከጎንደር በመነሣት

1. መነሻ

በአንድ ቃለ ጉባኤ ላይ የተሰብሳቢዎች ስም እንዲህ ተጽፏል እንበል፦ «ክቡር አቶ እገሌ፣ የገንዘብ መምሪያ ኃላፊ፤ ወይዘሮ እገሊት፣ የትምህርት መምሪያ ኃላፊ»። ሁለቱ ሹማምንት በሥልጣን እኩያ ናቸው። ጽሑፉ ግን አንዱን በማዕረግ ቅጽል ሲያከብር፣ ሌላይቱን ባለትዳር መሆናቸውን በመናገር ብቻ አልፏቸዋል። ጸሐፊው ንቀት አላሰበም፤ የለመደውን ጻፈ። ተርጓሚው ግን ያንኑ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመልሰው፣ በአማርኛው ውስጥ ተሸፍኖ የነበረው መበላለጥ ገሃድ ይወጣል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በሕዝብ ሥልጣን ላይ ያሉ ሴቶች የሚጠሩባቸውን ቃላት አመጣጥና አገባብ መርምሮ፣ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች የሚጠቅም አጻጻፍ ማመልከት ነው። መነሻችንን ጎንደር ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የምንጠቀምባቸው መጠሪያዎች ዋና ዋናዎቹ የመጀመሪያ ትርጉማቸው ጎልቶ የሚታየው በጎንደር ቤተ መንግሥት ዘመን ነውና።

2. «እቴጌ»፦ የሹመት ስም

«እቴጌ» በተለምዶ «የንጉሥ ሚስት» ተብሎ ይፈታል። ይህ ፍች ግን የእቴጌ ምንትዋብን ታሪክ አይገልጽም። ምንትዋብ የአፄ በካፋ ባለቤት ነበሩ፤ በእቴጌነት ዘውድ የጫኑት ግን ባላቸው ከሞቱ በኋላ፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በነገሡበት በ1723 ዓ.ም. ነው። የዘውድ ስማቸውም «ብርሃን ሞገሳ» ተባለ። ማዕረጉ በልጃቸው ዘመን ብቻ አልቀረም። በልጅ ልጃቸው በኢዮአስ ዘመንም አብሯቸው ዘለቀ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ፣ ኢዮአስ ከዙፋን ወርደው ካለፉ በኋላ ማለት ነው፣ ምንትዋብ በቁስቋም አሁንም እቴጌ ነበሩ።

ከዚህ እንደምንረዳው «እቴጌ» በዘውድ የሚገኝ፣ የራሱ ሥልጣን ያለው የሹመት ስም ነበር። ከሰሜን መኳንንት ወገን የሚወለዱት ጣይቱ ብጡልም በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ዘውድ ጭነው «እቴጌ ጣይቱ፣ ብርሃን ዘኢትዮጵያ» ተብለዋል። በሌላ በኩል ዘውዲቱ ምኒልክ የነገሡት በገዛ ዙፋናቸው ስለ ነበረ፣ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የተሰጣቸው ስም «ንግሥተ ነገሥታት» ነው። እዚህ ላይ ቃሉ እንዴት እንደ ተዋቀረ ልብ ይሏል፤ ጾታ የለወጠው ገዢው ስም ብቻ ነው። ዘውዲቱ የንጉሦች ንግሥት እንጂ የንግሥቶች ንግሥት አልተባሉም። ስለዚህ ሁለቱን ማዕረጎች በአንድ የባዕድ ቃል የሚተረጉም ሰው፣ በዙፋኑ ላይ የተቀመጠችውን ከዙፋኑ አጠገብ ከተቀመጠችው ሳይለይ ይቀራል።

3. «ወይዘሮ»፦ ከደም ማዕረግ ወደ ጋብቻ ምልክት

ብሩስ በመጽሐፉ የእቴጌ ምንትዋብን ልጅ፣ የራስ ሚካኤል ስሑልን ባለቤት፣ «ኦዞሮ አስቴር» ይላቸዋል። «ኦዞሮ» ያለው የእኛው «ወይዘሮ» ነው። በዚያን ጊዜ ቃሉ የሚነገረው ከንጉሣውያን ወገን ለተወለደች ሴት ነበር። ባለትዳር መሆን አለመሆኗን አያመለክትም። የአፄ ምኒልክ ልጅ ዘውዲቱም እስኪነግሡ ድረስ «ወይዘሮ ዘውዲቱ» ይባሉ ነበር። የቃሉ ብዙ ቁጥር «ወይዛዝርት» እስከ ዛሬ ያንኑ አሮጌ መዓዛ ይዟል፤ «መኳንንትና ወይዛዝርት» ስንል የምናስበው ባለትዳሮችን ሳይሆን ጨዋ ወገኖችን ነው።

በሃያኛው ምእት ዓመት «ወይዘሮ» እየሰፋና እየወረደ ሄደ። ጓደኛው «አቶ»ም እንዲሁ በአንድ ወቅት ለታወቀ ሰው ብቻ የሚሰጥ መጠሪያ ነበር፤ ኋላ ለማንኛውም ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሆነ። የሁለቱ መንገድ ግን በአንድ ቦታ ይለያያል። «አቶ» ሲወርድ ስለ ትዳር አንዳች አልተናገረም። «ወይዘሮ» ግን ሲወርድ «ወይዘሪት» ከጎኑ ቆመና፣ ሁለቱ በመካከላቸው የጋብቻን ወሰን ተካፈሉ። ወንድ ሹም ስሙ ሲጻፍ ትዳሩን የሚጠይቀው የለም፤ ሴቲቱን ሹም ለመጥራት ግን ጸሐፊው አስቀድሞ ስለ ቤቷ ማወቅ ግድ ሆነበት።

ስለዚህ በመዝገበ ቃላት ውስጥ «ወይዘሮ» በአንድ ፍች ብቻ ሊታለፍ አይገባውም። ቀዳሚው ፍች «ከንጉሣውያን ወይም ከመሳፍንት ወገን የተወለደች ሴት መጠሪያ» መሆኑ «የቀድሞ» በሚል ምልክት ተለይቶ መጻፍ አለበት። ሁለተኛው «ያገባች ወይም በዕድሜ የበሰለች ሴት መጠሪያ» ነው። ይህ ልዩነት ሳይጻፍ ከቀረ፣ የጎንደርን ዜና መዋዕል የሚተረጉም ሰው ልዕልቲቱን ተራ ባለትዳር ያደርጋታል።

4. አንቱታ ጾታን አያውቅም

መጠሪያው ይህን ያህል ጾታንና ትዳርን ሲከታተል፣ የአማርኛ ግስ በአንጻሩ በአክብሮት ጊዜ ጾታን ፈጽሞ ይተዋል። «መጣ» እና «መጣች» ሁለት ናቸው፤ «መጡ» ግን ለአክብሮት ሲነገር ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። «እርስዎ» እና «እሳቸው»ም እንዲሁ ናቸው። የሁለቱም ሥር «ርእስ» ማለትም «ራስ» የሚለው ቃል እንደ ሆነ ይታወቃል፤ ሰውየውን በቀጥታ ከመጥራት ይልቅ «ራሱን» መጥራት የአክብሮት ስልት ሆነ ማለት ነው።

በጎንደር ከተማና በሰሜኑ ደጋ በዳባት፣ በደባርቅና በወገራ ጥንታዊው «አንቱ» ዛሬም ይሰማል። «አንቱ የተባለ» የሚለው ፈሊጥ ራሱ የተከበረን ሰው የሚገልጸው በዚህ ተውላጠ ስም ነው። እማሆይም፣ የዕድሜ ባለጸጋዋም፣ ባለሥልጣኗም አንቱ ይባላሉ። ነገር ግን በዚያው ደጋ በዕድሜ የገፉ ሰው ወጣቷን የቀበሌ ሹም «አንቺ ልጄ» ቢሏት፣ ይህ ከዝምድና አነጋገር የመጣ እንጂ ንቀት አይደለም። ችግሩ የሚነሣው አነጋገሩ ወደ ጽሑፍ ሲሻገር ነው። የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ የሚመዘግበው ሹመቷን ነውና፣ በአፍ «አንቺ» የተባለችውን በጽሑፍ «አስረዱ»፣ «አሳሰቡ» ማለት ይገባዋል። ወጣት ወንድ ሹም በቃለ ጉባኤ «አስረዱ» እየተባለ፣ እኩያው ሴት «አስረዳች» ከተባለች፣ ያ የዝምድና አነጋገር ሳይሆን የማዕረግ ቅነሳ ነው።

አንቱታ ጾታን መሸፈኑ ለተርጓሚ ሌላ ችግር ያመጣል። «ኃላፊ ደስታ እገሌ ገለጹ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ፈረንሳይኛ የሚመልስ ሰው ወንድ ይበል ሴት ከግሱ ሊያገኝ አይችልም። ስሙም አይረዳውም፤ «ደስታ»፣ «ምሕረት» እና መሰሎቻቸው ለሁለቱም ጾታ ይወጣሉና። በዚህ ጊዜ ጾታን የሚያስታውቀው የማዕረግ ቅጽሉ ብቻ ይሆናል።

5. «ክብርት» እና «የተከበሩ»

«ክብርት» በቅርብ የተፈጠረ ቃል የሚመስላቸው አሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ግእዝ «ቅዱስ» ብሎ «ቅድስት»፣ «ብፁዕ» ብሎ «ብፅዕት»፣ «ልዑል» ብሎ «ልዕልት» እንደሚል፣ «ክቡር» ብሎም «ክብርት» ይላል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ የሚታየው «ክቡርት» የሚለው አጻጻፍ ሕጉን የሳተ ነው፤ «ቅዱስት» እንደማይባል ሁሉ «ክቡርት»ም አይባልም። በብዙ ቁጥር ወንዶቹ «ክቡራን»፣ ሴቶቹ «ክቡራት» ይሆናሉ።

ሣህለወርቅ ዘውዴ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡና እስከ መስከረም 2017 ዓ.ም. በሥልጣን ሲቆዩ፣ «ክብርት ፕሬዚዳንት» የሚለው አጠራር በአደባባይ ይበልጥ ተለመደ። የፈረንሳይ አካዳሚ የሥራና የሹመት ስሞች በሴት ጾታ መነገራቸውን የተቀበለው ከብዙ ዓመታት ክርክር በኋላ፣ በዚያው በ2011 ዓ.ም. የካቲት ወር ነው። አማርኛ ይህን ያህል ክርክር አላስፈለገውም። የሹመቱን ስም ሳይነካ ጾታን በቅጽሉ ላይ የሚያስቀምጥበት መንገድ ከግእዝ ወርሷልና።

«የተከበሩ» የሚለው ደግሞ ንጹሕ የአማርኛ አንቱታ ነው፤ ጾታን አይለይም። የምክር ቤት አባላት በዚህ ይጠራሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጾታው መታወቅ ሲያስፈልግ «ክብርት»፣ ሳያስፈልግ ሲቀር «የተከበሩ» ይመረጣል።

6. «ከንቲባ» እና የሹመት ስሞች

«ከንቲባ» በጎንደር ዘመን የታወቀ የሹመት ስም ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጎንደር ላይ ይህን ሹመት ይዘው የነበሩት ገብሩ ደስታ በታሪክ የሚታወቁት «ከንቲባ ገብሩ» ተብለው ነው፤ ሹመታቸው የስማቸው አካል ሆነ። ልጃቸው ስንዱ ገብሩ በ1950 ዓ.ም. ምርጫ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። እርሳቸው ግን በሕዝብ ዘንድ የሚታወቁት «ወይዘሮ ስንዱ» ተብለው ነው። በአባትና በልጅ መካከል ያለው ይህ ልዩነት የጽሑፋችንን ጉዳይ ያጠቃልላል፤ አባት በሥራቸው ተጠሩ፣ ልጅ በወይዘሮነታቸው።

አዳነች አቤቤ መስከረም 18 ቀን 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆነው ሲሾሙ፣ የጎንደሩ ቃል ፊደል ሳይጨመርበት «ከንቲባ አዳነች» ለመባል በቃ። «ሚኒስትር»፣ «ዳኛ»፣ «አፈ ጉባኤ»ም እንዲሁ ናቸው። ሙፈሪያት ካሚል በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሲሆኑ፣ ስሙ ምንም ለውጥ አላስፈለገውም።

አከራካሪው «ከንቲባዋ»፣ «ሚኒስትሯ» የሚለው ነው። በአማርኛ የአንስታይ ጾታ ማሳነስንም ማቆላመጥንም ያገለግላል፤ አንዲትን አነስተኛ ቤት «ይህቺ ቤት» እንላለን። ስለዚህ አንዳንድ ጆሮ በሹመት ስም ላይ የሚጨመረውን «‑ዋ» ማዕረግ የሚያሳንስ አድርጎ ይሰማዋል። እንደ እኛ አስተያየት ግን አክብሮትን የሚጠብቀው ግሱ ነው። «ከንቲባዋ ገለጹ» ጾታንም አክብሮትንም አሟልቷል፤ ጉድለቱ «ከንቲባዋ ገለጸች» ሲባል ነው።

7. የአጻጻፍ ሐሳብ

ከላይ ከተባለው በመነሣት የሚከተለውን እናቀርባለን።

ሀ. እኩል ሥልጣን ያላቸው ሰዎች በአንድ ጽሑፍ ውስጥ በእኩል ቅርጽ ይጠሩ። ወንዱ «ክቡር» ከተባለ ሴቲቱ «ክብርት» ትባል፤ ወንዱ በሹመቱ ከተጠራ ሴቲቱም በሹመቷ ትጠራ።

ለ. «ወይዘሮ» እና «ወይዘሪት» በሹመት ስም ቦታ አይተኩ። ከሹመቱ ጋር መግባት ካለባቸው ከቅጽሉ ቀጥለው ይግቡ።

ሐ. ስሙ ሲጀመር «ክብርት ከንቲባ እገሊት» ተብሎ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ «ከንቲባዋ» ወይም «እሳቸው» ይበቃል፤ ግሱ ግን እስከ መጨረሻው በአንቱታ ይርባ።

መ. «ክቡርነትዎ» የነገር ስም ስለ ሆነ ጾታ አይሻም፤ «ክብርትነትዎ» ማለት አያስፈልግም።

ሠ. የቀድሞ ሰነድ ተርጓሚ «እቴጌ»ን በዘውድ፣ «ወይዘሮ»ን በትውልድ፣ «ንግሥተ ነገሥታት»ን በገዛ ዙፋን ይፍታ፤ የዛሬን ፍች ወደ ኋላ አይውሰድ።

ቃላቱ ሁሉ በእጃችን ያሉ ናቸው። ምንትዋብ በቁስቋም እቴጌ ሲባሉ የማን ሚስት እንደ ሆኑ የሚጠይቅ አልነበረም፤ መጠሪያው ሥልጣናቸውን ይናገር ነበርና። ዛሬም ለሴት ባለሥልጣን ከቋንቋው የሚፈለገው ከዚህ የበለጠ አይደለም።