ወይራ ያጠነው ጋን፣ ጭስ የነካው ወይን

በግራዋ ታጥቦ በወይራ የታጠነ ጋን ለጠላ ሞገሱ ነው። ወይን ጠማቂ ግን ጭስ ይፈራል። እንጨት ሲነድ ጉዋያኮልና ክሬሶልን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ከጭሱ ጋር ይወጣሉ፤ ለጠላው መዓዛ የሆነው ጭስ በወይን ጠጅ ውስጥ ሲበዛ አመድ አመድ ይላል።

ከአዳማ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ ሲወርዱ ባቱ (ዝዋይ) ላይ ካስቴል የተባለው ኩባንያ የተከለው የወይን እርሻ ይገኛል። ማሳው ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ያበቅላል። ከጠጆቹ አንዱ አካሺያ ይባላል፤ ግራር ማለት ነው። በስምጥ ሸለቆ ከግራር ከሰልም ይከሰላል። ስለዚህ ጭስ ወይንን መንካቱን የሚለይ ምርመራ ለዚህ አገር ሰው ባዳ ጉዳይ አይደለም።

ጭስ ወይንን አብዝቶ የሚጎዳው ፍሬው መቅላት ከጀመረ አንስቶ እስኪለቀም ድረስ ነው። በልጣጩ ይገባና ከፍሬው ስኳር ጋር ይጣበቃል። ያኔ አይሸትም፤ ቢያጥቡትም አይለቅም። ሲብላላ፣ በጠርሙስ ሲቆይ፣ አንዳንዴም ጠጪው አፍ ውስጥ ከስኳሩ ሲላቀቅ ጉዱ ይወጣል። ከነልጣጩ የሚብላላው ቀይ ወይን ከነጩ ይልቅ የሚጎዳውም ጭሱ የሚገባው በልጣጩ ስለሆነ ነው።

አፍንጫ ያልደረሰበትን የሚያገኘው ላቦራቶሪ ነው። ከተለያዩ ረድፎች የተለቀሙ ዘለላዎች ተፈጭተው ይጣራሉ። ናሙናው በጋዝ ክሮማቶግራፍ ውስጥ ተንኖ፣ ብዙውን ጊዜ 30 ሜትር ርዝመት ባለው፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ ቱቦ ይጓዛል፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በየራሱ ደቂቃ ይወጣል። ጫፉ ላይ ያለው ማስ ስፔክትሮሜትር ማንነቱንና መጠኑን ይለያል። መለኪያው ማይክሮግራም በኪሎ ነው፤ ከቢሊዮን አንድ እንደማለት። ከስኳር ጋር የተጣበቀውን ለማግኘት ሌላ፣ በፈሳሽ የሚሠራ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ጥናቱ የተጠናከረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአውስትራሊያ ከደረሰው የሰደድ እሳት ወዲህ ነው። በ2020 ካሊፎርኒያ ስትቃጠል ላቦራቶሪዎች በናሙና ተጨናንቀው ውጤት ሳምንታት ፈጀ። ገበሬው ግን መላ ነበረው፦ ጥቂት ኪሎ ወይን በባልዲ ከእርሾ ጋር አብላልቶ መቅመስ።

ቁጥር ግን ብቻውን አይፈርድም። ሲራ ጭስ ሳይነካውም በተፈጥሮው ጉዋያኮል አለው፤ ውስጡ በእሳት የተለበለበ የኦክ በርሜልም ይጨምርበታል። ስለዚህ ወይን ያለው ሰው ጭስ ባልታየበት ዓመት ፍሬውን አስመርምሮ ውጤቱን ይያዝ። ጭስ በመጣ ቀን የሚያመሳክረው እሱን ነው።