የአያቶቻችን የአጥንት ኪኒን

በአሶሳና በዙሪያዋ በብዙ ቤት መድኃኒት የሚውጡት አያት ናቸው፤ ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣውን ወረቀት ማንበብ የሚችለው ግን የልጅ ልጅ ነው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ አያት የሚናገሩት ሩጣንኛ ወይም ዐረብኛ ነው። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ይበልጡን እናንተን ይመለከታል።

ለአጥንት መሳሳት ሐኪሞች በብዛት ከሚያዟቸው መድኃኒቶች አንዱ አሌንድሮኔት ነው፤ ፎሳማክስ በሚል ስምም ይታወቃል። ባለ 70 ሚሊግራሙ ኪኒን የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። የደም ግፊት ኪኒን በየቀኑ መዋጥ የለመዱ አዛውንት ይህንንም አብረው በየቀኑ እንዳይወስዱት ያሰጋል። ቀኑን ጁሙዓ ብናደርገው ለማስታወስ ይቀላል። ከተረሳ በማግስቱ ጠዋት አንድ ይዋጣል፤ በአንድ ቀን ሁለት ግን ፈጽሞ አይወሰድም።

ጥንቃቄው ለምን በዛ? በባዶ ሆድ እንኳ ሲዋጥ ሰውነት የሚወስደው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ቡና፣ ሻይ ወይም ወተት ሲጨመርበት ከንቱ ሊቀር ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ግን ኪኒኑ የምግብ ቧንቧ ላይ ከተጣበቀ ማቁሰሉ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ስለዚህ ጉዳት የወጣው ዘገባ እንዳሳየው፣ ክፉኛ ከቆሰሉት በርካቶቹ ኪኒኑን በጥቂት ውሃ የዋጡ ወይም ውጠው ጋደም ያሉ ነበሩ።

እንግዲህ አያታችን አስቀድመው ሱብሒን ይስገዱ፤ ሩኩዕና ሱጁድ ከዋጡ በኋላ ባይሆን ይሻላል። ከዚያ ኪኒኑን ሳያኝኩና ሳይመጡ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይዋጡት። አምቦ ውሃ አይሆንም። ዘምዘምም ማዕድን ስላለው ለሌላ ሰዓት ይቆይ። ቀጥሎ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀና ብለው ይቀመጡ ወይም ይንቀሳቀሱ፤ ለዚክር የሚመች ጊዜ ነው። ከሱብሒ በኋላ ተመልሶ መተኛት የለመደ ሰው በዚያች ቀን ቁርስ ሳይበላ አይጋደም። የካልሲየም፣ የብረትና የጨጓራ መድኃኒትም ዘግየት ብለው ይወሰዱ።

በረመዳንስ? ቀን አይታሰብም። ሐኪሙ ከተስማማ፣ ሌሊቱን ምንም ሳይበሉ ያደሩ አዛውንት ከሱሑር ግማሽ ሰዓት ቀድመው ተነሥተው ሊውጡ ይችላሉ። በወሩ ውስጥ አራት ወይም አምስት ሌሊት ብቻ ነው።

ግማሽ ሰዓት ቀና ብለው መቀመጥ ለማይችሉ፣ መዋጥ ለሚያስቸግራቸው፣ ኩላሊታቸው በጣም ለደከመ ወይም በደማቸው ካልሲየም ላነሰ ይህ ኪኒን አይሰጥም። ለአንዷ የታዘዘውን ለጎረቤት ማካፈል አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሲውጡ ካመማቸው ወይም ደረታቸውን አዲስ ቃጠሎ ከተሰማቸው ኪኒኑን አቁመው ወደ ሐኪም ይሂዱ። ጥርስ ከመነቀሉ በፊትም ይህን መድኃኒት እንደሚወስዱ ለጥርስ ሐኪሙ ይነገረው።