ክብደቱ ወደ መጨረሻው የዞረ ሲምፎኒ

ስለ ሙዚቃ አቀናባሪው ሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው የጆሮው መደንቆር ነው። ለሙዚቃ ታሪክ ግን ከዚያ የሚበልጥ ጉዳይ አለ፦ ለኦርኬስትራ የሚጻፈውን የሲምፎኒን ክብደት ከመጀመሪያው ክፍል ወደ መጨረሻው ያዞረው እርሱ ነው።

በ1792 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከቦን ቪየና ሲገባ ሲምፎኒ በሃይድንና በሞዛርት እጅ መልክ ይዞ ነበር። ብዙውን ጊዜ አራት ክፍል አለው፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ቁም ነገሩ በመጀመሪያው ክፍል ይነገራል፤ ሁለተኛው ረጋ ይላል፤ ሦስተኛው ሚኑዌት የተባለው የመሳፍንት ጭፈራ ነው፤ አራተኛው አድማጩን በደስታ ይሸኛል። እርግጥ ሞዛርት በ1788 በጻፈው «ጁፒተር» ሲምፎኒ መጨረሻውን አክብዶታል። የመጨረሻውን ክፍል ክብደት ሌሎች ሊሸሹት የማይችሉት ጥያቄ ያደረገው ግን ቤትሆቨን ነው።

በ1805 ለሕዝብ የቀረበው ሦስተኛው ሲምፎኒው፣ «ኤሮይካ»፣ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ሁለተኛው ክፍሉ የቀብር ማርሽ ነው። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በ1808 የተሰማው አምስተኛው ነው። ሦስተኛው ክፍል እየሳሳ ሄዶ ከበሮው በቀስታ ይመታል፤ ሙዚቃው ሳይቋረጥ ድምፁ ያድግና አራተኛው ክፍል በብሩህ ሜጀር ቅኝት ይፈነዳል። እስከዚያ ዝም ብለው የቆዩት የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ ትሮምቦኖች፣ ፒኮሎና ኮንትራባሶን፣ የሚገቡት እዚህ ነው። ድሉ ተረጋገጠ ሲባል የሦስተኛው ክፍል ጨለማ ዜማ መሀል ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ ደስታው እንደገና መወለድ አለበት። ይህን በዘጠነኛው ሲምፎኒ ከገቡት መዘምራን ይልቅ ደፋር እርምጃ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

በዘጠነኛው (ቪየና፣ 1824) የመጨረሻው ክፍል የቀደሙትን ሦስት ክፍሎች ዜማ አንድ በአንድ ያነሣል፤ ቼሎዎችና ባሶች እንደሚናገር ሰው እየመለሱ ይተዉታል። ከዚያ የሰው ድምፅ በሺለር ግጥም ይገባል።

የወራሾቹ አቀናባሪዎች መንገድ ተለያየ። ቫግነር የመሣሪያ ሲምፎኒ በዘጠነኛው አብቅቷል ብሎ ወደ ሙዚቃዊ ድራማ ሄደ። ብራምስ የመጀመሪያ ሲምፎኒውን ያሰማው በ43 ዓመቱ፣ በ1876 ነበር፤ የመጨረሻው ክፍል ዋና ዜማም የቤትሆቨንን ዘጠነኛ በግልጽ ያስታውሳል። ማህለር በሁለተኛው ሲምፎኒው መዘምራንን ለማሳረጊያው አቆየ። ሾስታኮቪች በ1937 በስታሊን ዘመን ሌኒንግራድ ላይ ባሰማው አምስተኛው ከጨለማው ማይነር ቅኝት ወደ ብሩሁ ሜጀር የሚወስደውን ያንኑ ጎዳና ተከተለ፤ ያ ድል እውነተኛ ነው ወይስ በግድ የተባለ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ቻይኮቭስኪ ግን በ1893 ስድስተኛውን በዝግታና በሐዘን ዘጋው። ይህም ከቤትሆቨን ማምለጥ አልነበረም፤ መጨረሻው ክብደት መሸከም እንደሚችል ካልተረጋገጠ እንዲህ ያለ ሐዘን እዚያ ቦታ ላይ ሊቀመጥ አይችልም ነበር።