አልገጥም ያለ ብረት

ከታጁራ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ እያቋረጠ ወደ ሸዋ ደጋ የሚወጣው የግመል መንገድ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ከጨው ሌላ እጅግ ብዙ የጦር መሣሪያ የተጫነበት መንገድ ነበረ። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ባለቅኔነቱን እርግፍ አድርጎ ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ በ1887 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) 2 ሺህ ያህል ያረጀ ጠመንጃ በዚሁ በኩል አሳልፎ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ እንጦጦ ደርሷል። ከእርሱ 12 ዓመት ቀደም ብሎ ግን ከግብፅ መንግሥት በዚሁ መንገድ የተላከው ስዊሳዊው ሙንዚንገር ፓሻ፣ የአዋሽ ወንዝ ወደ አፋምቦና ወደ አቤ ሐይቆች ሊገባ ሲቃረብ በሚያረሰርሰው በአውሳ ምድር፣ በአፋር ተዋጊዎች ድል ሆኖ ሕይወቱ አልፏል።

በንግድ፣ በስጦታና በምርኮ የተሰበሰበው ይህ መሣሪያ አንድ ዘር አልነበረም፤ የእንግሊዙ ሰናድር፣ ግብፆች ይዘውት የመጡት ሬሚንግተን፣ የፈረንሳዩ ውጅግራ፣ የኢጣልያው ቬተርሊ፣ ሁሉም በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይገኙ ነበር። ውጅግራውና የግብፁ ሬሚንግተን ሁለቱም የአፋቸው ስፋት 11 ሚሊሜትር ያህል ቢሆንም፣ የአንዱ ቀለህ ርዝመት 59፣ የሌላው 50 ሚሊሜትር ነውና የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። እንግዲህ ጥይቱ እንኳ እንዲህ የሚለያይ ከሆነ፣ የተሰበረውን ከደኅናው አጣምሮ በቤቱ አንድ ጠመንጃ ለማቆም የተነሣ ሰው፣ መልኩ ፍጹም የሚመሳሰል ብረት በእጁ ይዞ ለምን አልገጥም እንደሚለው ቢገረም አይፈረድበትም።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የአፋር ሰው በወገቡ የሚታጠቀውን ጊሌ መመልከት ይበቃል። የጊሌው ሰገባ የሚሠራው ለዚያው ለአንዱ ስለት ነው፤ ሠሪው እየለካ፣ እያስገባና እያወጣ ያስማማዋል እንጂ የሌላ ሰው ጊሌ ይግባበት ብሎ አያስብም። ጠመንጃም በዓለም ሁሉ ለብዙ ዘመን የተሠራው በዚሁ ሥርዓት ነበር፤ ጥበበኛው እያንዳንዱን ክፍል ለጎረቤቱ ክፍል በሞረድ እያለዘበ ያጋባው ነበርና፣ አንዱ ቢሰበር ምትኩ እንደገና በእጅ መሠራት ነበረበት። ይህን ልማድ ለመሻር ከተነሡት መካከል ፈረንሳዊው ኦኖሬ ብላን አንዱ ሲሆን፣ በ1785 ዓ.ም. በፓሪስ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን ወደ ሥራ ቤቱ ሄዶ፣ የተፈታቱና የተደባለቁ የጠመንጃ ማቀጣጠያ ክፍሎችን እንደ እጁ እያነሣ ራሱ ገጣጥሞ ሁሉም እንደ ተስማሙለት ለአገሩ ጽፏል። አሜሪካዊው ኢላይ ዊትኒ በ1801 ዓ.ም. በባለሥልጣኖች ፊት ተመሳሳይ ትርኢት አሳይቶ ታላቅ ስም አትርፏል፤ ኋላ የመረመሩት ሊቃውንት ግን በጠመንጃዎቹ ክፍሎች ላይ የሞረድ ጭረትና የመለያ ምልክት ስላገኙ፣ ዝናው ከሥራው የቀደመ ይመስለኛል። ምስጋናው በይበልጥ የሚገባው ለጆን ሆልና ለሲምየን ኖርዝ ነው፤ በ1834 ዓ.ም. እነዚህ ሁለት ሰዎች በተራራቁ ሁለት ከተሞች የሠሯቸው ክፍሎች እርስ በርሳቸው ገጥመዋል።

የዚህ መግጠም ምሥጢር ያለው ፍጹም ልክ የሚባል ነገር በዚህ ዓለም አለመኖሩን አስቀድሞ በማመን ላይ ነው። ንድፍ አውጪው «ይህ ዘንግ 10 ሚሊሜትር ይሁን» ብሎ ዝም አይልም፤ ከ9.95 በታች እንዳይወርድ፣ ከ10.05 በላይ እንዳይወጣ ብሎ ዳር ድንበሩን ይወስንለታል፤ መርማሪውም ሁለት መለኪያ ይዞ፣ በአንደኛው የሚያልፈውን በሁለተኛው የማያልፈውን ብቻ ይቀበላል። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ፈተናውን ያለፉ 5 ክፍሎች ተደርድረው ሁሉም በ0.05 ሚሊሜትር ቢተርፉ፣ ድምሩ ሩብ ሚሊሜትር ይሆንና አምስተኛው መግቢያ ያጣል። ስለዚህ አልገባ ያለው ክፍል ሁልጊዜ በደለኛው አይደለም፤ ጥፋቱ ከእርሱ በፊት በገቡት ላይ ተከፋፍሎ ይገኛል። ከሌላ ፋብሪካ፣ ከሌላ ዘመን ንድፍ የመጣ ክፍል ሲጨመርበት ደግሞ ድንበሩ ራሱ ይፈርሳል።

በአፋር ምድር ግን ብረት አልገጥም ሲል ሰው ሁሉ የሚከሰው ሙቀቱን ነው። ይህ ክስ ግማሽ እውነት አለው። ብረት በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከርዝመቱ ሚሊዮን እጅ 12 ያህሉን ይረዝማል፤ ከደጋ ብርድ ወደ ቆላ ፀሓይ ወርዶ በ50 ዲግሪ የሞቀ 1 ሜትር ዘንግ 0.6 ሚሊሜትር ሲጨምር፣ 20 ሚሊሜትር የሚወፍር ዘንግ ግን በውፍረቱ የሚጨምረው 0.012 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ቀዳዳውም ያው ብረት ከሆነ አብሮ ይሰፋል። ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት መኪኖች በሚጠገኑባቸው ጋራዦች ያሉ መካኒኮች ይህን በእጃቸው ያውቁታል፤ በዘንጉ ላይ አልገባ የሚል አዲስ ኩሽኔታ ሲገጥማቸው፣ በመዶሻ ከመደብደብ ይልቅ ኩሽኔታውን ብቻ በጋለ ዘይት ያሞቁታል፤ ውስጡ 60 ሚሊሜትር የሆነው በ80 ዲግሪ ቢሞቅ 0.06 ሚሊሜትር ያህል ስለሚሰፋ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ሲቀዘቅዝም ጨምድዶ ይይዛል።

ዕንጨት ግን ሌላ ባሕርይ አለው። የዕንጨት ሰደፍ የሚታዘዘው ለሙቀት ሳይሆን ለእርጥበት ነው፤ በዝናባም ደጋ ውኃ የጠጣው ሰደፍ በአዋሽ ሸለቆ ደረቅ ነፋስ ሲከርም፣ በቁመቱ ምንም ያህል ሳይጎድል በጎኑ ከመቶ 2 ያህል ሊሸማቀቅ ይችላል፤ በ5 ሴንቲሜትር ላይ አንድ ሙሉ ሚሊሜትር ማለት ነው። ትናንት የጠበቀው ብሎን ዛሬ የሚላላው፣ ብረቱም በዕንጨቱ ውስጥ የሚነቃነቀው በዚህ ነው። ዝገትም ከበላው ብረት የበለጠ ስፍራ ስለሚይዝ፣ የጨው አፈር ባለበት አገር ከውስጥ እየገፋ ክፍልን ከክፍል ያጣብቃል።

የሠለጠነ ጠጋኝ ከሞረዱ በፊት ጥላሸት በዘይት ለውሶ በአንደኛው ክፍል ላይ በስሱ ይቀባል፤ ከዚያ ሁለቱን አስነክቶ ሲያላቅቃቸው ጥቁሩ ቅባት ወደ ሌላው የተዛወረበት ነጥብ የሚጣሉበትን ቦታ በግልጽ ያሳየዋል። ብዙ ጊዜ የሚገኘውም ጠርዝ ላይ የቀረ ኢምንት የብረት ጥርስ ወይም የደረቀ ቅባትና አቧራ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን አልገጥም ያለው ሳይሆን የገጠመ የሚመስለው ነው። ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው መቀርቀሪያ ከሌላ ጠመንጃ ተወስዶ ቢገባ፣ ያለ ችግር ሊዘጋና ሊከፈት ይችላል፤ በእርሱና በቀለሁ መቀመጫ መካከል ያለው ክፍተት ግን በዓይን የማይታይ ትርፍ ቢኖረው፣ ባሩዱ ሲነድ ቀለሁ ወደ ኋላ ተለጥጦ ሊቀደድና የጋለው አየር ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። በብዙ የማውዘር ጠመንጃዎች መቀርቀሪያና አካል ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር የተቀረጸው ሁለቱ አብረው የተለኩ ስለሆነ ነው፤ ቁጥሩ ያልተመሳሰለ እንደ ሆነ ያን ክፍተት የሚመረምረው በተሠራለት መለኪያ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው።