የባሪያ ሥርዓት አወዳደቅ፤ ከሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ እስከ ዘንገና ቁልቁለት

ሰው ሰውን እንደ ከብት የሚሸጥበትና የሚገዛበት ሥርዓት ከምድር ላይ የተወገደው በአንድ ቀንና በአንድ መንገድ አይደለም። በአንዱ አገር በጦርነት፣ በሌላው በዐዋጅ፣ እንደ ሃይቲ ባለው ደግሞ ባሮቹ ራሳቸው ባካሄዱት አመፅ ወድቋል። ዛሬ የምንመረምረው ጥያቄ ሥርዓቱ እንዴት ወደቀ የሚለው ብቻ አይደለም። ከወደቀ በኋላ ነፃ በወጣው ሰው እጅ ምን ቀረ የሚለውም ነው። ለዚህ ሁለት ምሳሌዎችን ጎን ለጎን እናቀርባለን። አንደኛው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በገዛ አገራችን፣ ከአዊ ደጋ እስከ መተከል ቆላ በተዘረጋው ቁልቁለት ላይ የተፈጸመው ታሪክ ነው።

የጦርነቱ መንስዔና ሂደት

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከመሪዎች ጠብ ብቻ የተነሣ አልነበረም። በ1860 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በአገሪቱ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ባሮች ተመዝግበው ነበር። የደቡቡ ባለርስቶች ሀብት በእነዚህ ሰዎች ጉልበት ላይ የቆመ ሲሆን፣ የሚያመርቱት ጥጥ የእንግሊዝን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ይመግብ ነበር። ሰሜኑ በአንጻሩ በፋብሪካ፣ በደመወዝተኛ ሠራተኛና በአነስተኛ ገበሬ ላይ የተመሠረተ ነበር። በምዕራብ በኩል አዲስ ግዛት በተከፈተ ቁጥር ባርነት እዚያ ይግባ አይግባ የሚለው ክርክር የሁለቱን የአመራረት ዘይቤዎች ቅራኔ እያከረረው ሄደ። በ1854 ጉዳዩ ለካንሳስና ለነብራስካ ሰፋሪዎች ውሳኔ ሲተው ካንሳስ በደም ታጠበች። በ1857 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ድሬድ ስኮት በተባለው ባሪያ ክስ፣ ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ሲል ፈረደ።

የባርነትን መስፋፋት የሚቃወመው አብርሃም ሊንከን በ1860 መጨረሻ ሲመረጥ የደቡብ ግዛቶች መገንጠል ጀመሩ፤ ቁጥራቸውም በመጨረሻ 11 ደረሰ። በኤፕሪል 1861 በፎርት ሰምተር ምሽግ ላይ በተተኮሰው መድፍ ጦርነቱ ተከፈተ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የሊንከን መንግሥት በመጀመሪያ የተነሣው የአገሪቱን አንድነት ለመጠበቅ እንጂ ባሮችን ነፃ ለማውጣት አልነበረም። ዓላማው እንዲለወጥ ካስገደዱት ኃይሎች አንዱ የባሮቹ የራሳቸው እርምጃ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ባሮች እርሻውን እየጣሉ ወደ ሰሜኑ ጦር ሸሹ። ባለርስቱም ጉልበት አጣ። በጃኑዋሪ 1 ቀን 1863 በወጣው ዐዋጅ በአማፅያኑ ግዛት ያሉ ባሮች ነፃ መሆናቸው ተነገረ፤ 180,000 የሚያህሉ ጥቁሮችም በሰሜኑ ጦር ተሰልፈው ተዋጉ። በጁላይ 1863 ደቡቡ በጌቲስበርግና በቪክስበርግ ተመታ፤ በኤፕሪል 1865 ዋናው ጦሩ እጁን ሰጠ። ከ600,000 የማያንስ ወታደር ካለቀ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር በጸደቀው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ባርነት በመላ አገሪቱ ተከለከለ።

ይህ ጦርነት የአንድ አገር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የደቡቡ ጥጥ በመቆሙ በማንቸስተር አካባቢ ፋብሪካዎች ተዘጉ። ሆኖም ብዙ ሥራ ያጡ የማንቸስተር ሠራተኞች በ1862 መጨረሻ ተሰብስበው ለሊንከን የድጋፍ መልእክት ላኩ፤ እንጀራቸው ጎድሎም ቢሆን ከባሮቹ ጎን ቆሙ። በሌላ በኩል የጥጥ ዋጋ መናሩ የግብፅን ገዢዎች አበለጸገ። ከዲቭ እስማኤልም የመስፋፋት ምኞቱን ወደ አገራችን ባዞረ ጊዜ በዚያው ጦርነት የተዋጉ የአሜሪካ መኮንኖችን ቀጥሮ ነበር። በ1868 ዓ.ም. በጉራዕ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ከተሸነፈው የግብፅ ጦር አዛዦች መካከል ቀድሞ ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ወገን የተዋጋው ጄኔራል ሎሪንግ ይገኝበታል።

ድሉ የጎደለው

ነፃ የወጣው አሜሪካዊ ጥቁር ግን ሕግ እንጂ መሬት አላገኘም። በ1865 መጀመሪያ ጄኔራል ሸርማን ከባለርስቶች በተወሰደ መሬት ላይ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 40 ኤከር እንዲሰጥ አዝዞ ነበር። ይሁን እንጂ ሊንከን ከተገደለ በኋላ ሥልጣን የያዘው አንድሩ ጆንሰን በዚያው ዓመት አብዛኛውን መሬት ለቀድሞ ጌቶች መለሰ። የትናንቱ ባሪያ የዛሬ የእኩል አራሽ ሆኖ በዕዳ ታሰረ። የመምረጥ መብቱም በማስፈራራትና በተንኮል ተገፈፈ። መድልዎን በሕግ ለመሻር እስከ 1964ና 1965 እ.ኤ.አ. ድረስ አንድ መቶ ዓመት የፈጀ ትግል አስፈልጓል።

የእኛው ቁልቁለት

ወደ አገራችን እንመለስ። ዘንገና ሐይቅ የሚገኘው በእንጅባራ አቅራቢያ፣ በአዊ ደጋ ላይ ነው። ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ በቻግኒ አልፎ ግልገል በለስ ይደርሳል፤ ይህም የጉሙዝ ሕዝብ የሚኖርበት መተከል ነው። ደጋና ቆላው በታሪክ የማይነጣጠሉ ናቸው፤ ሰባት ቤት አገው ተብለው ከሚጠሩት አንዱ ራሱ መተከል ይባላል።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአፄ ሱስንዮስ ሠራዊት በአገውም በጉሙዝም ላይ ተደጋጋሚ ዘመቻ አድርጓል። ስለዚህ የአገው ገበሬ ራሱ የዘመቻን መከራ የቀመሰ ነው። በኋለኞቹ ዘመናት ግን ግብሩ ከላይ ወደ ታች ወረደ። የጎጃምና የአገው ምድር ገዢዎች ከቆላው ሕዝብ ወርቅና ባሪያ ይጠይቁ ጀመር፤ ግብር ያጣ ልጁን አጣ። ከደጋ የሚወርዱ ዘማቾችም መንደር ከብበው ሰው ፈነገሉ። ጉሙዞች በቀስትና በጦር ተከላከሉ፤ ወደማይደረስበት በረሃና ገደላ ገደልም ሸሹ። ሻንቅላ የሚለው የንቀት ስም ባሪያ ከሚለው ጋር አንድ ትርጉም ይዞ የቀረው ከዚህ ሥራ የተነሣ ነው።

ታዲያ በአገራችን ባርነት እንደ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ያላስነሣው ለምንድን ነው? ባላባታዊው ሥርዓት በዋነኛነት ይኖር የነበረው በገባሩ ላብ ነው። ባሪያው በየመኳንንቱና በየወታደሩ ቤት ውኃ ቀጅ፣ እንጨት ለቃሚ፣ ወፍጮ ፈጪ ሆኖ ተበታትኖ ይኖር ነበር፤ ከፊሉም በመተማና በቀይ ባሕር በኩል ወደ ውጭ ይሸጥ ነበር። ጌቶች የሚዋጉለት ራሱን የቻለ የባሪያ ግዛት ስላልነበረ ለውጡ ከላይ በዐዋጅ፣ ቀስ እያለ መጣ።

አፄ ቴዎድሮስ በ1840ዎቹ መጨረሻ ንግዱን ከለከሉ። አፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. በአድዋ ንግዱን ለማስቆም ከእንግሊዝ ጋር ተዋዋሉ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት የወጣው ዐዋጅ ባሪያው ጌታው ከሞተ ከ7 ዓመት በኋላ ነፃ እንዲወጣ ደነገገ፤ የ1923ቱ ሕግ ጊዜውን አሳጠረ። ፋሽስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ሲወርረን ባሪያ ነፃ አወጣለሁ የሚለውን ቃል ለወረራው መሸፈኛ አደረገው፤ በአንድ እጁ ነፃነት እያወጀ በሌላው የመርዝ ጋዝ አዘነበ። በመጨረሻ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ባርነት ሕጋዊነቱን ፈጽሞ አጣ።

ከዐዋጁ በኋላ

የሁለቱ ታሪኮች መንገድ የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። በጎጃም መሬት የሚገኘው በርስት፣ ርስት የሚገኘውም ዘርን እስከ አቅኚው አባት በመቁጠር ነበር። ነፃ የወጣው ሰው ግን የተፈነገለ ነውና የሚቆጥረው አቅኚ አባት አልነበረውም። ስለዚህ በቀድሞ ጌታው ደጅ አሽከር ወይም ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገውና ጭሰኝነትን የሻረው ዐዋጅ የወጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው፤ ከባርነት ዐዋጅ በኋላ ከ32 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው።

መሬቱ ተሰጠ እንበል፤ ስሙስ? በየመንደሩ በጋብቻ ጊዜ አጥንት የሚቆጥር፣ በጠብ ጊዜ የባሪያ ዘር ብሎ የሚሳደብ ዛሬም አልጠፋም። በ2011 ዓ.ም. በዳንጉርና በጃዊ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በቡለን ጉሙዙም፣ አማራውም፣ አገውም፣ ሌላውም በማንነቱ ተገድሏል። የዚህ እልቂት መንስዔ የመሬት ሽሚያ፣ የሥልጣን ፉክክርና የመሣሪያ መስፋፋት ጭምር እንጂ የጥንቱ ፍንገላ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ያልታከመ ቁስል ለቀስቃሽ ይመቻል። የአያቱን መፈንገል የሚያስታውስና ሻንቅላ ተብሎ የሚጠራ ሰው ጎረቤቱን በቀላሉ ሊያምን አይችልም። ትናንት ባልነበረበት በደል ዛሬ ልጁ የሚታረድበት የደጋ ገበሬም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ከሁለቱ ታሪኮች የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው። ጦርነትም ሆነ ዐዋጅ ሰንሰለትን ይበጥሳል፤ ሰውን ሙሉ ሰው የሚያደርገው ግን በመሬቱ፣ በሥራውና በስሙ እኩል ሲሆን ነው። የመጀመሪያው የመንግሥትና የሕግ ግዴታ ነው። ስሙ ግን በየቀበሌው ማኅበር፣ በየዕድሩና በየፋብሪካው ያለን የእኛ ሥራ ነው። ነውረኛውን ስድብ በስብሰባችን ላይ ነውር እንበለው፤ በዕድራችን የዘር ቆጠራን በር እንዝጋ፤ በደጋና በቆላው መካከል በመሐላ ይጸና የነበረውን የወዳጅነት ልማድ እናድሰው። የማንቸስተር ሠራተኛ ፊቱን አይቶት ለማያውቀው የሚሲሲፒ ባሪያ ከቆመ፣ እኛ በአንድ ገበያ ከምንገናኘው ጎረቤታችን ጎን ለመቆም የሚያቅተን ምክንያት የለም።